ስልሳ አንደኛዋ ሰው

ይድረስ ከእናታችን ቀጥላ ላሳደገችኝ፣ በቁጣ ግን ከእናታችን ለምትቀድመው ለእትዬ።

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ እንዴት ሆነልሽ፣ ደረጃ ስትወጪ አሁንም "ውይ" ትያለሽ ወይስ ያ ሐኪም ያዘዘልሽ ቅባት አሻለሽ? እማዬስ እንዴት ናት? እህል ይወርድላታል? እንቅልፍስ ይወስዳታል? መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰክታ ቤት ሙሉ ስትፈልገው መዋሏን ትታለች? ባልሽ ጋሼስ ደህና ነው? ልጅሽስ የነርስነት ትምህርቷን እንዴት ይዛዋለች? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር የጎደለብኝ የለም፤ ፈጣሪ ይመስገን ጤነኛ ነኝ። እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ አንቺ እንደምትፈሪውም አልከሳሁም። ባለፈው የላክኩትን ፎቶ አይተሽ "አጥንቱ ገጠጠ" ያልሽው የካሜራው ጥፋት ነው።

ሁለት ወር ሙሉ ድምፄ በመጥፋቱ እንደተቀየምሽኝ ከመንትዮቹ ሰምቻለሁ። ቅያሜሽ ልክ ነው። ስትደውዪ "ሥራ ላይ ነኝ፣ መልሼ እደውላለሁ" እያልኩ ሳልደውል የቀረሁት ሥራ በዝቶብኝ ብቻ አይደለም። የምነግርሽ ነገር ነበረኝ፤ በስልክ ብጀምረው ደግሞ እንደ ልማድሽ "ተው፣ እሱን አታንሳብኝ" ብለሽ ታቋርጪኛለሽ። ደብዳቤ አይቋረጥም። ነገሩ ያንን የጎርፉን ቀን ይነካል። እዚህ ጋ ስትደርሺ ወረቀቱን አጥፈሽ መሳቢያ ውስጥ እንዳትከቺው አደራ፤ እስከ መጨረሻው አንብቢው። ሠላሳ አንድ ዓመት የተሸከምሽውን ያንን ቀን ከትከሻሽ ላወርድልሽ ነው የምጽፈው። ካልሆነልኝም ሞክሬያለሁ እላለሁ።

መጀመሪያ ሥራዬን በደንብ ላስረዳሽ። እማዬ ለጎረቤቱ ሁሉ "ልጄ ስልክ አንሺ ነው" እያለች እንደምታወራ ደርሼበታለሁ፤ አልዋሸችም፣ ግን ስልኩ ብዙ ነው። የምሠራው የአደጋ ማስተባበሪያ በሚባል ክፍል ውስጥ ነው። ቤቱ ድሮ የወረቀት መጋዘን ነበር፤ ጣሪያው ዝቅ ያለ፣ መስኮቱ የማይከፈት፣ በመካከሉ አንድ ረጅም ጠረጴዛ ያለበት። በጠረጴዛው ዙሪያ እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት አንድ ሰው ያስቀምጣል፤ ከእሳት አደጋ፣ ከአምቡላንስ፣ ከፖሊስ፣ ከመብራት፣ ከውሃ። ከሆስፒታሎቹ ጋር ደግሞ በስልክ የምታገናኘን አንዲት ዶክተር አለች። እርስ በርስ የምንጠራራው በመሥሪያ ቤታችን ነው። "እሳት፣ እስቲ ስኳሩን አቀብለኝ" ሲባል ብትሰሚ ያበድን ይመስልሻል። እሳትና ውሃ ጎን ለጎን ነው የሚቀመጡት፤ ታዲያ የተገላቢጦሽ ሆኖ እሳት እርጋታው የበዛ ሰው ነው፣ ውሃ ግን በትንሽ በትልቁ ቱግ ይላል። መብራት የጽሑፍ ትእዛዝ ካልመጣለት አምፖል የማያጠፋ፣ ፊቱን እንደ ክረምት ሰማይ አጥቁሮ የሚውል ሰውዬ ነው። አምቡላንስ ተጫዋች ነው። ፖሊሷ ደግሞ ትንሽ ተናግራ ብዙ የምትሰማ፣ ማስታወሻ ደብተሯን ከእጇ የማትለይ ሴት ናት።

እኔ በጠረጴዛው ራስ ላይ ተቀምጫለሁ፤ አለቃ እንዳልመስልሽ ግን። ማንንም አላዝዝም። እያንዳንዱ የራሱ አለቃ፣ የራሱ ሬዲዮና የራሱ ሕግ አለው። የእኔ ሥራ አንዱ ያወቀውን ሌላው እንዲያውቀው ማድረግ ነው። እሳት "መብራት ካልተቆረጠ አልገባም" ይላል፤ መብራት "ማን አዘዘኝ?" ይላል፤ አምቡላንስ "መንገዱ ተዘግቶብኛል" ብሎ ይጮሃል፣ መንገዱን የዘጋችው ፖሊስ ከጎኑ ተቀምጣ። እኔ መካከል ላይ ሆኜ ይህንን ለዚያ፣ ያንን ለዚህ አቀብላለሁ። ስድስት ልጆች በአንድ ሳህን በሚበሉበት ቤት ላደገ ሰው ይኼ አዲስ ሥራ አይደለም። መንትዮቹ ሲኮራረፉ በመካከላቸው እየተመላለስኩ ወሬ ሳቀብል የኖርኩት ለካ ልምምድ ኖሯል።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ። የዛሬ ሁለት ወር ገደማ ነው፤ ቀኑ ረቡዕ፣ ሰዓቱ ከረፋዱ አራት ከሩብ። ከከተማው ዳር ባለ የበረዶ ፋብሪካ ውስጥ የጋዝ ቧንቧ ፈነዳ። በረዶውን ለመሥራት አሞኒያ የሚሉትን ጋዝ ይጠቀማሉ፤ ዓይን ያቃጥላል፣ ትንፋሽ ይዘጋል፣ ከበዛም ይገድላል። የመጀመሪያውን ስልክ ያነሳሁት እኔ ነኝ። የደወለው የፋብሪካው ዘበኛ ነበር፤ እየሳለ "ሰው አለ፣ ሰው አለ" ከማለት በቀር ሌላ ቃል አልወጣ አለው። ዛሬ ጠዋት ስንት ሰው እንደገባ ስጠይቀው ግን ሳሉን ዋጥ አድርጎ ከመዝገቡ አነበበልኝ፤ ስልሳ አንድ። ሰሌዳው ላይ በትልቁ ጻፍኩት።

ከዚያ በኋላ ያለውን አንድ ሰዓት አጠገቤ ሆነሽ ብታዪው ትኮሪብኝ ነበር። አንዲት የእሳት ብልጭታ እንዳትነሳ መብራት ይቆረጥ ተባለ፤ ያ ወረቀት ካላየ የማይንቀሳቀሰው ሰውዬ በአራት ደቂቃ ውስጥ የፋብሪካውን መስመር ቆረጠ። ጋዙን ከአየር ላይ የሚያወርደው ብዙ ውሃ መርጨት ነው፤ ስለዚህ ውሃ ለእሳት አደጋ መኪኖቹ ግፊት እንዲበቃ የሦስት ሰፈር ቧንቧ ዘጋ። የሦስቱም ሰፈር ሰው ስልኩን በስድብ አጨናነቀው፤ እሱም፣ ቱግ ባዩ ሰው፣ "ይቅርታ እናቴ፣ ትንሽ ታገሱን አባቴ" እያለ አንድ በአንድ መለሰላቸው። ፖሊሷ ነፋሱ ወዴት እንደሚነፍስ ጠየቀች፤ ጋዙ በማይሄድበት በኩል ለአምቡላንሶቹ መንገድ ከፈተች፣ በሚሄድበት በኩል ያሉትን ቤቶችም አስለቀቀች። እኔ የመጣውን እያቀበልኩ ላቤ ጠብ እስኪል ሠራሁ።

ሰዎቹ መውጣት ጀመሩ። እሳት "በዋናው በር ሠላሳ ስምንት አውጥቻለሁ" አለ። አምቡላንስ "ዘጠኝ ጭኛለሁ" አለ። ፖሊሷ "በጓሮ በር የወጡ አሥራ አራት ሜዳው ላይ አሉ" አለች። ደመርኩት፤ ስልሳ አንድ። ላለመሳሳት ደግሜ ደመርኩት፤ ስልሳ አንድ። በቀይ አሰመርኩበትና ሁሉም መሥሪያ ቤት በሚሰማው በጋራው መስመር "ሁሉም ሰው ወጥቷል" ብዬ ተናገርኩ። እሳት ሠራተኞቹን ከሕንፃው አስወጣ። ሰው በሌለበት ቤት ውስጥ መርዝ የሚተነፍስ የለም፤ ጋዙ ሳስቶ እስኪበተን ሦስት አራት ሰዓት መጠበቅ ነው። አምቡላንስ ጫማውን አወለቀ። ውሃ የዘጋውን መክፈት ጀመረ። ተሳሳቅን። ሰዓቱ አምስት ከአሥር ነበር።

እትዬ፣ ቁጥሩ ባይገጥም ኖሮ እንፈልግ ነበር። ስለገጠመ ተቀመጥን።

ከግማሽ ሰዓት በኋላ ዶክተሯ ደወለች። የሠራተኞቹ ቤተሰቦች ሆስፒታሉ በር ላይ እየተሰበሰቡ ነውና የስም ዝርዝር ብትልኩልኝ አለች። እንዲህ ያለው ዝርዝር እኛ ዘንድ ሁልጊዜ ከአደጋው በኋላ፣ ተረጋግቶ፣ ብዙ ጊዜም በማግስቱ የሚሠራ ነው። "እሺ፣ ይደርስሻል" ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። ከዚያ ቀና ብዬ ያሰመርኩበትን ቁጥር ሳየው አንድ ነገር ከነከነኝ። እንዲያ ሲከነክነኝ አንቺ ትዝ አልሽኝ።

እንግዲህ የማትወጂው ነገር እዚህ ጋ ነው። አንቺ አሥራ ሦስት፣ እኔ አራት ዓመታችን ነበር። እማዬና አባዬ ገበያ ሄደዋል። ከላይ የዘነበው ዝናብ ከሰዓት በኋላ ወንዙን ሞልቶ ሲመጣ አምስታችንን ሰብስበሽ ወደ ትምህርት ቤቱ ኮረብታ ሮጥሽ። ደርሰሽ ጭንቅላት ቆጠርሽ፤ አምስት። ቁጥሩ ልክ ነበር። የጎረቤታችን ልጅ ከኋላ ተከትሎ መካከላችሁ እንደገባ፣ እኔ ደግሞ የድመቷን ግልገል ላወርድ ቁም ሳጥኑ ላይ ወጥቼ እንደቀረሁ አላወቅሽም። ትንሹን ላቅፈው ብለሽ ስታጎነብሺ ፊቱ የእኔ አልሆነም። ከዚያ ወዲያ ያለውን እኔም አስታውሳለሁ። ውሃው ደረትሽ ደርሶ በመስኮት ስትገቢ፣ አንገትሽ ላይ ስታስቀምጪኝ፣ ጸጉርሽን በሁለት እጄ ይዤ ስጎትትሽ። ኮረብታው ላይ ስታወርጂኝ መጀመሪያ በጥፊ አጮልሽኝ፤ ቀጥሎ መሬት ላይ ተቀምጠሽ አለቀስሽ። ጥፊው ይገባኝ ነበር። ለቅሶው ግን እስከዚህ ዓመት ድረስ አልገባኝም ነበር።

ከዚያ ቀን በኋላ ቆጥረሽን አታውቂም። እራት ከመቅረቡ በፊት አንድ በአንድ በስማችን ትጠሪናለሽ፤ አንዱ "አለሁ" ካላለ ማንም እጁን አይዘረጋም። ጢም አውጥቼ፣ ጓደኞቼ ከኋላዬ ቆመው እየሳቁብኝ እንኳ "አለሁ" ብያለሁ። በበረዶው ቀን ሰሌዳውን እያየሁ ያሰብኩት ይህንኑ ነው፤ እትዬ ብትሆን በዚህ ቁጥር እራት አታቀርብም። ስለዚህ ጠረጴዛውን መታ አድርጌ ስም እፈልጋለሁ አልኩ። አምቡላንስ "ሰውዬ፣ ስልሳ አንድ ስልሳ አንድ ነው፣ ምን ሆነሃል?" አለኝ። ፖሊሷ ግን አንዴ አየችኝና ሬዲዮዋን አነሳች።

ሜዳው ላይ ያለው ባልደረባዋ መዝገቡን ከዘበኛው ተቀብሎ ማንበብ ጀመረ። ስም ሲጠራ ሰውዬው ያለበት መሥሪያ ቤት "እኔ ጋ ነው" ይላል፣ እኔ ምልክት አደርጋለሁ። ሠላሳ ምናምነኛው ላይ የአንድ መካኒክ ስም ተጠራ፤ እሳትና አምቡላንስ እኩል "እኔ ጋ" አሉ። ተያዩ። ሰውዬው የአንዱን የእሳት አደጋ ሠራተኛ ትከሻ ደግፎ በእግሩ ስለወጣ እሳት ቆጥሮታል፤ ሣሩ ላይ ደርሶ ሲወድቅ አምቡላንስ አንስቶ እንደገና ቆጥሮታል። አንድ ሰው ሁለት ሆኖልናል ማለት ነው። እንግዲህ ከዚህ በታች አንድ ስም ባዶ መቅረቱ ነው እያልኩ ነው የቀረውን የሰማሁት። ከመጨረሻው ስምንተኛው ላይ መጣ። ስሙ ተጠራ፤ "እኔ ጋ" የሚል ጠፋ። ተደገመ። ቆይቶ የዘበኛው ድምፅ ከሩቅ ተሰማ፤ "ሙቀቴን ነው እንዴ የምትጠሯት? ሙቀቴ አልወጣችም?"

ሙቀቴ የሚሏት የበረዶውን ክፍል የምትጠብቀው ሴትዮ ናት። ሃያ ስምንት ዓመት በረዶ ስትደረድርና ስታስጭን ኖራለች፤ ሙቀቴ የሚለውን ስም ያወጡላት የሥራ ባልደረቦቿ ናቸው፣ ለቀልድ።

ከአንቺ የምደብቀው የለምና ይህንንም ልንገርሽ። በጋራው መስመር የሚነገር ሁሉ ይቀዳል። የመናገሪያውን ቁልፍ ከመጫኔ በፊት አንዲት ትንፋሽ ያህል ቆምኩ። እሳትን በጆሮው ጠርቼ "እስቲ ለማንኛውም ያንን ክፍል ሰው ይይልኝ" ብለው ነገሩ ማጣሪያ ይመስል ነበር፤ የእኔም ስህተት እዚያው ተቀብሮ ይቀር ነበር። ይህንን አስቤአለሁ፤ ማሰቤ እስካሁን ያሳፍረኛል። ግን ለእሳት ብቻ ብነግረው መብራት አይሰማም፣ ውሃ አይሰማም፣ የከፈተውን ቧንቧ መልሶ አይዘጋም። ተጫንኩትና "ተሳስቻለሁ፣ የወጡት ስልሳ ናቸው፣ አንዲት ሴት በበረዶው ክፍል ውስጥ ቀርታለች" አልኩ። ሁሉም ሰው ወጥቷል ካልኩ አርባ ደቂቃ አልፎ ነበር።

እስክሞት የማልረሳው ከዚያ በኋላ የሆነውን ነው። ማን ጠየቀኝ መሰለሽ? ማንም። "እንዴት እንዲህ ትላለህ?" ያለኝ አንድ ሰው የለም። እሳት ተቀምጦ ነበር፣ ሲናገር ሳየው ቆሟል። ሁለት ሰው ጭንብል አጥልቆ በሦስት ደቂቃ ውስጥ ይገባል፣ ከፊት ከፊታቸው ውሃ ይረጭልኝ አለ። ውሃ ሦስቱን ሰፈር እንደገና ዘጋ፤ የሚሰድቡት ደግሞ ይስደቡ ብሎ። መብራት ክፍሉ የት እንደሆነ ከፋብሪካው የኤሌክትሪክ ንድፍ ላይ አውጥቶ በየትኛው ኮሪደር እንደሚገባ ይነግራቸው ጀመር። ፖሊሷ ከፋብሪካው እስከ ሆስፒታሉ ያለውን መንገድ አንድም መኪና እንዳይቆምበት አደረገች። አምቡላንስ ባዶ እግሩን ቆሞ ብርድ ልብስ እንዲዘጋጅ በሬዲዮ ያዛል። ዶክተሯ በስልክ፣ ሰውነቷን እንዳታሹት፣ ትኩስ ነገር ቶሎ እንዳትሰጧት፣ ቀስ ብላችሁ ተሸከሟት ትላለች። ያ ሁልጊዜ "የእኔ ሥራ አይደለም፣ የአንተ ነው" የምንባባልበት ጠረጴዛ ያን ቀን አንድ ሰው ብቻ የተቀመጠበት መሰለኝ።

የበረዶው ክፍል በር እንደ ግድግዳ የወፈረ ነው። ሙቀቴ ጋዙ ሲሸታት ሮጣ ለመውጣት ሞክራ ኮሪደሩ ነጭ ሆኖ አገኘችው፤ ተመልሳ ገብታ በሩን ዘጋችው። በሩ ጋዙን ከለከለላት፤ ብርዱን ግን ከእሷው ጋር ዘጋባት። ስልኳ ልብስ መቀየሪያው ክፍል፣ በተሰቀለው ኮቷ ኪስ ውስጥ ቀርቷል። እኛ ስንስቅ እሷ በበረዶዎቹ መካከል ወዲያ ወዲህ ትመላለስ ነበር። መብራት መስመሩን ፈጥኖ ባይቆርጥ ኖሮ ማቀዝቀዣው ሲነፋባት ይቆይና አንድ ሰዓትም አትቆይም ነበር ብላለች ዶክተሯ። የእሳት ሰዎች በሩን ሲከፍቱት ጥግ ላይ ተቀምጣ አገኟት። ከንፈሯ ሰማያዊ ሆኖ፣ ጥርሷ እየተንገጫገጨ፣ መጀመሪያ የተናገረችው "በሩን ዝጉት፣ በረዶው ይቀልጣል" ነው። ይህን በሬዲዮ ስንሰማ ውሃ፣ ያ ቁጡ ሰው፣ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ አለቀሰ።

ተረፈች። የሁለት ጣቶቿ ጫፍ እስካሁን ደንዝዟል እንጂ ሌላ አልሆነችም። የቀሩትም ስልሳዎቹ ደህና ናቸው፤ መካኒኩም አንድ ሰው ሆኖ ወደ ቤቱ ተመልሷል።

በሳምንቱ ግምገማ ተጠራ። ቦርሳዬን አዘጋጅቼ፣ ከሥራ ብባረር ለአንቺ በምን አፌ እንደምነግርሽ እያሰብኩ ነው የገባሁት። እኛ ዘንድ በግምገማ ላይ አንድ የቆየ ደንብ አለ፤ የሌላውን ጥፋት ከማንሳትህ በፊት የራስህን ትናገራለህ። እኔ ልነሳ ስል እሳት ቀደመኝ። "መካኒኩን ለአምቡላንስ ካስረከብን በኋላ ከቁጥራችን መቀነስ ነበረብን፤ አልቀነስንም" አለ። አምቡላንስ ተነስቶ፣ ከማን እንደተረከብነው ሳንጠይቅ ቆጠርነው አለ። ፖሊሷ፣ መዝገቡን ከዘበኛው እጅ የተቀበልነው ስንጠየቅ ነው፣ መጀመሪያውኑ መቀበል ነበረብን አለች። መብራት እንኳ፣ ምንም ያላጠፋው ሰውዬ፣ ንድፉን ከጠዋቱ አውጥቼ ቢሆን ክፍሉን ቀድመን እናስብ ነበር አለ። እኔ ተራዬ ሲደርስ የተረፈኝ ጥፋት ትንሽ ሆኖ አገኘሁት። ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚባለው ስለ ሎሚ ብቻ እንዳልሆነ ያኔ ገባኝ። የራሴን ግን አልሸረፍኩም፤ "ሁሉም ወጥቷል ያልኩት እኔ ነኝ" አልኩ። አንድ የማስጠንቀቂያ ወረቀት ማህደሬ ውስጥ ገባ፤ ይገባኛል። አሁን ደግሞ በመሥሪያ ቤቶቹ ሁሉ ስም ሳይጠራ "ሁሉም ወጥቷል" ማለት ተከልክሏል። ያንን ሕግ ያወጣሽው አንቺ መሆንሽን ግን ማንም አያውቅም። እኔም አልነገርኳቸው፤ ቢያውቁ ደመወዜን ለአንቺ ይሰጡብኛል።

ይህ ሁሉ አልፎ እንኳ ስልክ ማንሳት አልቻልኩም ነበር። ሙቀቴ አርባ ደቂቃ እየቀዘቀዘች እኔ የሳቅኩት ሳቅ ከጆሮዬ አልወጣ አለ። ስበላ እሰማዋለሁ፣ አውቶቡስ ውስጥ እሰማዋለሁ። ያኔ ነው ለቅሶሽ የገባኝ፤ ባለቀሰው ሰው ቦታ ተቀምጬ።

ባለፈው ሳምንት አንድ ከሰዓት በኋላ የክፍላችን በር ተንኳኳ። አጠር ያለች፣ ወፍራም ሹራብ የደረበች ሴትዮ ገባችና "ሁላችንም ወጥተናል ያለው ማነው?" ብላ ጠየቀች። ማን እንደሆነች ሳትናገር አወቅናት። ተነሳሁ። ሦስት ሌሊት ያጠናሁትን ይቅርታ ጀመርኩላት፤ አርባ ደቂቃው፣ ቁጥሩ፣ መካኒኩ፣ ሳቁ ሳይቀር። የአምቡላንስን ወንበር ስባ ተቀምጣ እስክጨርስ ሰማችኝ። ከዚያ "አርባ ደቂቃ ነው ያልከው?" አለችኝ፤ "እኔ እዚያ ውስጥ ሆኜ ይመጣሉ ብዬ ተስፋ አድርጌ ነበር ብልህ ውሸት ነው፤ ረስተውኛል፣ በቃ፣ ብዬ ነበር። በሩ ሲከፈት ግን የረሳኝን ሰው መፈለጉ ቀረ። መጣችሁ እኮ ልጄ። መጣችሁ እኮ።" ቀጥላ መብራት የትኛው እንደሆነ ጠየቀችና ሄዳ እጁን ሳመችው፤ ሰውዬው የሚገባበት ጠፋው።

እትዬ፣ የተረሳሁት እኔ ነበርኩ። እንዲህ ብሎ መናገር የነበረብኝ ከዚያች ሴትዮ በፊት እኔ ነበርኩ። እኔ ግን ምን አደረግኩ? ነገሩን ገበያ አወጣሁት። ትልቁን ሙዳ ስፈልግ "የረሳሽው ልጅ እኮ ነኝ" እላለሁ፤ አዲስ ጫማ ስፈልግ "ቁም ሳጥን ላይ የቀረው" እላለሁ። ቤቱ በሙሉ ይስቃል፣ አንቺም ትስቂያለሽ፣ ሙዳውንም ትሰጪኛለሽ። ከሳቁ በኋላ ወደ ጓዳ ገብተሽ የምትቆዪበትን ጊዜ አይቼ አላየሁም። ከቤት ከወጣሁ ጀምሮም በደወልሽ ቁጥር በስልኩ መጨረሻ ላይ "ይቅር በለኝ" ስትዪኝ፣ እኔ "ለምኑ?" እያልኩ ሳልመልስልሽ እዘጋለሁ። አሁን ይቅርታ የምጠይቀው እኔ ነኝ፤ ለቀልዱ ሁሉ ይቅር በይኝ። ያኔ እኮ አሥራ ሦስት ዓመትሽ ነበር። እኔ ሠላሳ አምስት ሞልቶኝ፣ አምስት መሥሪያ ቤት በዙሪያዬ ተሰብስቦ፣ ሰሌዳና ሬዲዮ ይዤ ያንኑ ስህተት ሠራሁ። አንቺ ከጎንሽ ማንም አልነበረም፤ ውሃው ውስጥ ስትገቢም ከፊት ከፊትሽ መንገድ የከፈተልሽ የለም።

እንግዲህ ሰላምታዬን አድርሺልኝ። እማዬን በሁለቱም ጉንጮቿ ሳሚልኝ፤ ልጅሽ ስልክ ብቻ ሳይሆን ሰሌዳም አለው በያት። ለጋሼ፣ በመጣሁ ቁጥር ያቺን አሮጌ ራዲዮ እኔ እንድጠግናት መጠበቁን ይተው። ለአናጢው ወንድማችን፣ የሠራልኝ ወንበር እስካሁን አንድ ቀን እንኳ አልተነቃነቀም በይው። ለሾፌሩም፣ በመንገድ ላይ አምቡላንስ ሲመጣ ዳር ይያዝ፤ ምን ማለት እንደሆነ አሁን አውቃለሁ። መንትዮቹን አንድ ላይ ሳይሆን ለየብቻ ሰላም በይልኝ፣ ተኳርፈው ይሆናል። ለልጅሽ፣ ትምህርቷን ስትጨርስ እንደ ዶክተራችን በስልክ እንኳ ሰው የምታድን ትሁን በያት። ያን ቀን በእኔ ቦታ ለተቆጠረው ለጎረቤታችን ልጅም ሰላም በይልኝ፤ አሁን አራት ልጆች ያሉት ሰውዬ መሆኑን ሰምቼ ደስ ብሎኛል፣ እሱም እንኳን ተረፈ።

ለአንቺ ለእትዬ ግን ሰላምታ ብቻ አያንስም ወይ ብዬ ሳስብ ቆየሁ። ወረቀቱ እያለቀ ነው፣ እጄም ደክሟል። ስለዚህ የዚያችን ሴትዮ ቃል ልዋስ፤ ከሷ ቀድሜ ልልሽ ሲገባኝ ያላልኩሽ ነው። ረሳሽኝ፤ እውነት ነው፣ ረሳሽኝ። ግን እትዬ፣ መጣሽ እኮ።

የማይረሳሽ ታናሽ ወንድምሽ
ከኪራይ ቤቴ፣ ከመስኮቱ ሥር ካለው ጠረጴዛ
እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ መጋቢት ፲፩ ቀን